የእጅ አንጓ አርትሮስኮፒ ያሠራችሁ፣ ከዚያ በኋላ እጃችሁ እንዴት ሆነ?

የኮልፌው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ሥራዬ ኤርፖርት ሻንጣ መጫንና ማውረድ። ክረምቱ ላይ በሥራ ሰዓት በረዶ አንሸራተተኝና መዳፌን ዘርግቼ ወደቅኩ። ቀኝ እጄ ነው። ድንገተኛ ክፍል ራጅ ተነሣሁ፣ አጥንት አልተሰበረም፣ ወለምታ ነው ብለው በፋሻ ጠቅልለው ሸኙኝ። እብጠቱ ጠፋ። ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። በትንሿ ጣት በኩል፣ አንጓው ጎን ላይ ጉብ ካለችው አጥንት አጠገብ ይወጋኛል። ቁልፍ ሳዞር፣ የበር እጀታ ስጠመዝዝ፣ ከወንበር በመዳፌ ተደግፌ ስነሣ። አንዳንዴ ቀጭ ይላል። ስግደትማ ተውኩት፣ መዳፌ ክብደት አልቀበልም አለ።

አሁን ኤምአርአይ ተነሥቼ «የቲኤፍሲሲ መቀደድ» የሚል ውጤት መጣ፣ በትንሿ ጣት በኩል አንጓው ውስጥ ያለው ጅማት ነው አሉኝ። ሐኪሙ በአርትሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቼ፣ እሠራልሃለሁ፣ ወይ አጸዳዋለሁ ወይ እሰፋዋለሁ፣ የቱ እንደሆነ ገብቼ ሳየው እወስናለሁ አለኝ። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሕመሙ ጠፋላችሁ? ጉልበታችሁ ተመለሰ? ከባድ ዕቃ ታነሣላችሁ? ኢንተርኔት ላይ አንዱ ሕይወቴን መለሰልኝ ይላል፣ ሌላው ከበፊቱ ባሰብኝ ይላል። ልጆች አሉኝ፣ ባለቤቴ ሌሊት ነው የምትሠራው፣ ለወራት እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ለኛ ከባድ ነው። ያያችሁትን ንገሩኝ።

ሹሩባ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ አንጓዬን ሳዞር ነው የምውለው። የኔም ቲኤፍሲሲ ነበር፣ ግን የተበሳው መሐሉ ላይ ነው። ሐኪሟ ገብታ የተንጠለጠለውን ቆርጣ አጸዳችው እንጂ አልሰፋችም። ጠዋት ገብቼ ከሰዓት ቤቴ ነበርኩ። ከእጄ ጀርባ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፣ አሁን ጠባሳው ፈልጋችሁም አታገኙትም። ጀሶ አልነበረም፣ የሚወልቅ ማሰሪያ ነው ያደረጉልኝ። ቀለል ያለ ሥራ ወር ተኩል ሲሆነኝ ጀመርኩ፣ ቀጭን ሹሩባ ግን ሦስት ወር ሳይሞላኝ አልደፈርኩም።

አሁን ቅዳሜና በዓል ዋዜማ ላይ ብዙ ሰው ሠርቼ ስውል ማታ ይጠዘጥዘኛል። ብርድም ይሰማኛል። በፊት ግን የቡና ስኒ ሳነሣ ነበር የምጮኸው፣ አሁን እሱ የለም። ለእኔ ጥሩ ሆኖልኛል ነው የምለው።

ታክሲ ዲሲ፦
የሷ ማጽዳት ነው፣ የኔ መስፋት ነበር፣ ሰማይና ምድር ነው ልዩነቱ። እመለሳለሁ፣ ተሳፋሪ መጣ።

ነርሷ እህታችሁ፦
ኦርቶፔዲክ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው የምሠራው። ሐኪም አይደለሁም፣ የአንተን እጅም አላየሁትም፣ ግን ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለሚጠየቅ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አርትሮስኮፒ መግቢያ በር ነው። «አርትሮስኮፒ ተሠራሁ» የሚሉ ሁለት ሰዎች ውስጥ የተሠራላቸው ነገር ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል። ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ የምታነበው ሁሉ እርስ በርሱ የሚጣላው።

ክንድህ ላይ ሁለት አጥንቶች አሉ፣ በአውራ ጣት በኩል ራዲየስ፣ በትንሿ ጣት በኩል አልና። በአልና ጫፍና በአንጓው ትንንሽ አጥንቶች መካከል ያለው የካርቲሌጅ (የለስላሳ አጥንት) እና የጅማት ድርብርብ ነው ቲኤፍሲሲ። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ ጫና ይቀበላል። ሁለተኛ፣ መዳፍህን ወደ ላይና ወደ ታች ስታገላብጥ ሁለቱ የክንድ አጥንቶች እንዳይለያዩ አጥብቆ ይይዛቸዋል። ፓልመር የተባለው አሜሪካዊ የእጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1989 መቀደዶቹን ለሁለት ከፈላቸው፣ በአደጋ የመጣና በጊዜ ብዛት በመፋተግ የመጣ። ሪፖርትህ ላይ «1ኤ»፣ «1ቢ» የሚል ካለ ከዚያ የመጣ ነው። 1ኤ መሐሉ ላይ ነው፣ 1ቢ ከአልና በኩል ያለው ጠርዝ።

ዋናው ነገር ደም ነው። ጠርዙ የደም ሥር አለው፣ መሐሉ የለውም። ደም የማይደርስበትን ብትሰፋውም አይያያዝም፣ ስለዚህ መሐሉ ሲቀደድ የተበጣጠሰውን ቆርጦ ማለስለስ ነው የሚደረገው። ጠርዙ ሲቀደድ ግን ይሰፋል፣ ሊድንም ይችላል። ከጠርዙም ይበልጥ ወሳኙ አልና አጥንት ላይ የተተከለበት ሥር ነው፣ እዚያ ላይ ከተነቀለ አንጓው ማጠፊያው እንደላላ በር ይሆናል። ያንን አጥንቱ ውስጥ መልሕቅ የሚባል ትንሽ ማያያዣ ከትቶ ወይ ቀዳዳ በስቶ በክር መልሶ መትከል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሐኪምህን «ይሳካል ወይ» ከማለትህ በፊት የተቀደደው መሐሉ ነው ጠርዙ በለው። ሁለቱ አጥንቶች ይላላሉ ወይ፣ ከጤነኛው እጄ ጋር አወዳድረህ አይተሃል ወይ በለው። የአልናዬ ርዝመት ስንት ነው በለው። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው ተሠርቶ ሕመሙ የሚመለስበት እሱ ስላልታየ ነው።

የኮልፌው ልጅ፦
እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ እስካሁን እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የአልና ርዝመት ምን ያገባዋል?

ነርሷ እህታችሁ፦
አንዳንድ ሰው ሲፈጠር አልናው ከራዲየሱ በትንሹ ይረዝማል። ሌላው ደግሞ ራዲየሱ ተሰብሮ ሲጠገን አጥሮ ይቀራል። በሁለቱም ረዥሙ አልና ካርቲሌጁን ከታች እየገፋ ይፈጨዋል። ፓልመርና ወርነር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በላቦራቶሪ ለክተውታል፦ እኩል በሆነ አንጓ ላይ ከጫናው 82 በመቶው በራዲየስ ያልፋል፣ 18 በመቶው በአልና። አልናውን 2.5 ሚሊ ሜትር ቢያስረዝሙት ወደ 42 በመቶ ዘለለ። ያንኑ ያህል ሲያሳጥሩት ደግሞ 4 በመቶ ገደማ ቀረ። ሚሊ ሜትር ናት ይሄን ሁሉ የምታደርገው።

ስለዚህ አልናው የረዘመ ሰው መሐሉ ተጸድቶለት ብቻ ከወጣ የሚፈጨው ነገር እንዳለ ነው። ለሱ አጥንቱን ቆርጦ ማሳጠርና በብረት ማሰር ይኖራል፣ ወይም የአልናውን ጫፍ በአርትሮስኮፒ በስሱ መላጥ። የማሳጠሩ ውጤት ጥሩ ነው፣ ግን አጥንት እስኪገጥም ወራት ይፈልጋል፣ ብረቱ ቆዳ ስር እየቆረቆረ በኋላ የሚያስወጡት አሉ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ አጥንቱ አልገጥም ሊል ይችላል።

ጎጃም በር፦
ሁሉም ሰው ቢላዋ ውስጥ ካልገባሁ ይላል። ሳይሠራ የዳነ የለም? በፋሻና በጊዜ ብቻ?

ብርሃን ነኝ፦
አለ፣ እኔ። ሁለቱ አጥንቶች አልላሉም ነበር፣ ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት ማሰሪያ አድርጊ፣ መጠምዘዝና መጭመቅ አቁሚ፣ ከዚያ ፊዚዮቴራፒ አለኝ። ልብስ በእጅ መጭመቅ ተውኩ፣ ሊጥ ማቡካት ለእህቴ ሰጠሁ። ሦስት ወር አካባቢ ላይ ቀለለኝ። ወንድማችን መጀመሪያ ይሄን ሞክረሃል?

አዲስ ፊዚዮ፦
የጎጃም በር ጥያቄ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አንጓው ካልላላ በቀር መጀመሪያ ማሳረፍና ማሰሪያ፣ ቀጥሎ ማጠናከር፣ በዚህ ሦስት ወር ገደማ መታገሥ የተለመደ መንገድ ነው። ብዙ ሰው በዚያው ይድናል። የኮርቲዞን መርፌም ለጊዜው ያስታግሳል፣ የተቀደደውን ግን አይጠግንም።

ሌላም ነገር አለ። ኤምአርአይ ላይ «ተቀደደ» የሚል ቃል ማየት ብቻውን ለኦፕራሲዮን አይበቃም። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ ብዙዎቹ ላይ ቲኤፍሲሲው ተቀዶ ወይ ሳስቶ ይገኛል፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይበዛል። በተቃራኒው ተራ ኤምአርአይ የተነቀለ ሥር ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ጣት ተጭኖ የሚያመው ቦታ፣ የመላላቱ ምርመራና ፎቶው ሦስቱ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው መተማመን የሚቻለው። በዚያው በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፍ ጅማት አለ፣ እሱ ሲቆጣም ልክ እንደዚህ ያማል፣ እሱን ለይቶ ያላየ ሰው የተሳሳተ ነገር ያጸዳል።

እዚህ አገር ያላችሁም የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወድቃችሁ አንጓችሁ ሲያብጥ ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ አታሳሹት፣ አታስጎትቱት። ወጌሻ የሚወደድ ሰው ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን የተነቀለ ጅማት በመሳብ አይመለስም፣ የያዘችው ክር ካለችም ትበጠሳለች። ጠበቅ አድርጎ በቀርከሃ ማሰር ደግሞ ደም ዘግቶ እጅ ያሳጣ አጋጣሚ እኛ ሙያ ውስጥ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሌላው፣ የጉልበት አርትሮስኮፒ የሚሠራ ቦታ ሁሉ የአንጓ ይሠራል ማለት አይደለም። የጉልበቱ ካሜራ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአንጓው ከ1.9 እስከ 2.7። መሣሪያውም የሐኪሙ ልምድም ሌላ ነው። ጠይቁ።

የኮልፌው ልጅ፦
@ብርሃን ነኝ ማሰሪያውን ከሦስት ወር በላይ አድርጌያለሁ። ሥራው ላይ ቀለል ያለ ምድብ ሰጥተውኝ ነበር፣ ስመለስ ተመለሰብኝ።

ታክሲ ዲሲ፦
መጣሁ። እኔ የተነቀለው ከሥሩ ነው፣ ነርሷ እንዳለችው መልሕቅ ተክለውልኝ ነው የሰፉት። ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝን ልንገርህ። ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው፣ እጅ ብቻ ነው የሚደነዝዘው፣ ነቅቼ ከሐኪሙ ጋር እያወራሁ ነበር። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከክርን በላይ ድረስ አሰሩኝ፣ መዳፍ እንዳይገላበጥ። በዚያ ሁኔታ መንዳት የለም፣ ሸሚዝ መቆለፍ የለም፣ እንጀራ መቁረስ በግራ ነው። ማሰሪያው ሲወጣ መዳፌ ወደ ላይ አልገለበጥ አለ። ባለሱቁ ዝርዝር ሲመልስልኝ መዳፌን ዘርግቼ መቀበል አልቻልኩም፣ ሳንቲሙ ሁሉ መሬት። ያኔ ተበላሸሁ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ናት ቀስ በቀስ የመለሰችው፣ በጉልበት ሳይሆን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ።

መሪ መያዝ ሦስተኛው ወር ላይ ቻልኩ። ሻንጣ ማንሳት ስድስት ወር አካባቢ። ለውጡ ግን እስከ ዓመት ድረስ ነበር፣ ስምንተኛ ወር ላይ የማልችለውን ዓመት ሲሞላ ችያለሁ። አሁን ሕመም የለኝም ማለት እችላለሁ። ሙሉ በሙሉ ግን አይገለበጥም፣ ትንሽ ጎድሎኛል፣ ከኔ በቀር የሚያየው የለም።

ቴኒስ ወዳጅ፦
ቴኒስ ተጫዋቹን ሁዋን ማርቲን ዴል ፖትሮን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ኦፕንን ወሰደ፣ በ2010 ቀኝ አንጓው ተሠራ፣ ከዚያ ግራው መጣ፦ 2014 አንድ፣ 2015 ላይ ሁለት ኦፕራሲዮን። አለቀለት ሲባል በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ጆኮቪችን በመጀመሪያው ዙር አሰናበተ፣ ናዳልን አሸነፈ፣ የብር ሜዳሊያ ወሰደ። በ2018 በዓለም 3ኛ ደረጃ ደረሰ። ተስፋ አትቁረጥ ወንድሜ።

ነርሷ እህታችሁ፦
ዴል ፖትሮን እኔም እወደዋለሁ። ግን ሲመለስ እንዴት እንደሚጫወት አይታችኋል? በግራ በኩል የሚመጣውን ኳስ ለረዥም ጊዜ በሁለት እጅ አይመታም ነበር፣ በአንድ እጅ እየቆረጠ ነበር የሚመልሰው፣ ግራ አንጓውን ለማዳን። ተመለሰ፣ አጨዋወቱን ግን ለውጦ ነው የተመለሰው። ብዙ ታካሚ ላይ የማየው ይሄንኑ ነው። ዕቃ ሲያነሡ መዳፋቸውን ወደ ላይ ማድረግ ይለምዳሉ፣ ሁለት እጅ ይጠቀማሉ። ይሄ ውድቀት አይደለም።

ስቶክሆልም ፋርማሲ፦
ጥናት ማንበብ እወዳለሁ፣ ስለ ውጤት ሲወራ አንድ ነገር ላክል። ጥናቶቹ «ጥሩ» እና «እጅግ ጥሩ» ሲሉ ምን እየለኩ እንደሆነ ካላወቃችሁ ትታለላላችሁ። አንዱ የተለመደ መለኪያ የማዮ የአንጓ ነጥብ ነው። ከ100 ነው፣ ለሕመም 25፣ ለሥራ ችሎታ 25፣ ለመተጣጠፍ 25፣ ለመጨበጥ ጉልበት 25። 90 እና ከዚያ በላይ «እጅግ ጥሩ»፣ ከ80 እስከ 89 «ጥሩ»፣ ከ65 በታች «ደካማ» ይባላል። ስለዚህ አንድ ሰው አልፎ አልፎ እያመመው፣ ጉልበቱም ትንሽ ጎድሎ «ጥሩ» ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ አልዋሸም። አንባቢው ግን «ጥሩ» ሲል ልክ እንደ ድሮው ማለት ይመስለዋል።

በዚያ ዓይን ሳየው፣ ትክክለኛው ሰው ላይ ሲሠራ አብዛኛው ሰው ሕመሙ በግልጽ ይቀንሳል፣ መተጣጠፉ አብዛኛው ይመለሳል፣ የመጨበጥ ጉልበት ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ከጤነኛው እጅ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚቀርበትም ብዙ ነው። በአርትሮስኮፒ የተሰፋና በቀዶ ተከፍቶ የተሰፋ ሲወዳደሩም የመጨረሻው ውጤት ተቀራራቢ ነው። የቀዳዳው ማነስ ጠባሳ ይቀንሳል፣ ሐኪሙ ሌላ ጉዳት ካለ እንዲያይ ያደርጋል፣ ጅማቱን ግን ቶሎ አያድነውም።

ሌላው ደስ የማይል ሐቅ፣ በጉልበት ሥራ የሚተዳደሩና በሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ክርክር ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚሰጡት ነጥብ በአብዛኛው ዝቅ ይላል። እያስመሰሉ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። እጁን ቢሮ ውስጥ የሚያሳርፍ ሰውና ሃያ አምስት ኪሎ ሻንጣ የሚወረውር ሰው አንድ ዓይነት አንጓ አያስፈልጋቸውም። ኮልፌ፣ ያነበብከው ሁሉ በማን ላይ እንደተጠና እይ።

ታክሲ ዲሲ፦
እሱን ካነሣህ፣ በሥራ ሰዓት ነው የወደቅኩት ብለሃል። ጉዳቱን በጽሑፍ አስመዝግበሃል? ካላስመዘገብክ ዛሬውኑ። የጊዜ ገደብ አለው።

የኮልፌው ልጅ፦
የዚያኑ ቀን ነው አለቃዬ የመዘገበው፣ ኮፒው እጄ ላይ ነው።

ከሐይፋ፦
ሻሎም ወገኖች። እኔ ሌላ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ «የአንጓ ጅማት» እያለ ስለሚደባልቀው። የኔ በአውራ ጣት በኩል ነው። ስካፎይድና ሉኔት የሚባሉ ሁለት ትንንሽ አጥንቶችን የሚያያይዘው ጅማት። ግንባታ ላይ ስሠራ ከመሰላል ወደቅኩ፣ እንደሱ «ወለምታ» ተብዬ ነው የተሸኘሁት። ይሄኛው ጅማት ጊዜ አይሰጥም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ፣ ከተገኘ ጅማቱን ራሱን መስፋት ይቻላል። ካለፈ ጫፎቹ ይሸሻሉ፣ ይሟሽሻሉ፣ የሚሰፋ ነገር ይጠፋል።

የኔ ሲገኝ አልፎ ነበር። ራጅ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ታየ፣ እጅህን ጨብጥ ብለው ራጁን ሲያነሡኝ ደግሞ ሰፋ። አርትሮስኮፒውን ያደረጉልኝ ለማየትና ደረጃውን ለማወቅ ነው፣ ጋይስለር በሚባለው ከ1 እስከ 4 ባለው ደረጃ የኔ 4 ሆነ፣ ካሜራው ራሱ በአጥንቶቹ መካከል ያልፋል ማለት ነው። 1 እና 2 የሆኑት በአርትሮስኮፒ ተጸድተው፣ አንዳንዴ በቀጭን ሽቦ ለጊዜው ተይዘው፣ ብዙዎቹ ደህና ይሆናሉ። የኔ ግን ተከፍቶ ከራሴ እጅ ሌላ ጅማት ተወስዶ ነው የታሰረው።

ውጤቱን ጠየቃችሁ። ሕመሜ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። እጄ ወደ ፊት እንደ ድሮው አይታጠፍም። ጉልበቴ ከግራዬ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መዶሻ ትቻለሁ፣ አሁን ክሬን ነው የምነዳው። ሳይሠራ የተተወ እንዲህ ያለ ጅማት በዓመታት ውስጥ አጥንቶቹን አዛብቶ አንጓውን በሙሉ አርትራይተስ ያደርገዋል፣ ዋትሰንና ባሌት እ.ኤ.አ. በ1984 የጻፉት ሒደት ነው፣ ያኔ የሚቀረው አጥንት ማውጣት ወይ ማጣበቅ ነው። ስለዚህ በአውራ ጣት በኩል፣ ከእጅ ጀርባ መሐል ላይ የሚያማችሁ ካላችሁ የኮልፌውን ልጅ ጽሑፍ እያነበባችሁ ሦስት ወር ልጠብቅ አትበሉ። የእጅ ሐኪም ቶሎ ያያችሁ።

አዲስ ፊዚዮ፦
ይሄን ጽሑፍ ከላይ መሰካት ነበር። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ሠራተኛዋ ዱባይ፦
እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ደረጃ ላይ ወድቄ በአውራ ጣት በኩል ነው የሚያመኝ፣ ሳምንት ሆነኝ። ምንጣፍ ሳጥብ አልቻልኩም። እመቤቴ ቅባት ሰጠችኝ። ምን ላድርግ?

ነርሷ እህታችሁ፦
እህቴ፣ ዱባይ ውስጥ አሠሪ ለሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ የመግዛት ግዴታ አለበት፣ ለቤት ሠራተኛም ጭምር። ካርድሽን ጠይቂና ክሊኒክ ሂጂ። ወድቄ ነው በይ፣ «ስካፎይድ ልታዩልኝ እፈልጋለሁ» በይ። ያ አጥንት ሲሰነጠቅ መጀመሪያ ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እያመመሽ ከሆነ ማሰሪያ አድርገው ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ደግመው ሊያነሡሽ ይገባል። ጅማቱንም ያኔ ያዩታል። እስከዚያ ምንጣፍ አትጭመቂ። አይዞሽ፣ ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልኝ።

የኮልፌው ልጅ፦
ሰዎች፣ ሌላ የእጅ ሐኪም ጋ ሄጄ የነርሷን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ሁለቱን እጆቼን ጎን ለጎን ይዞ አልናውን ሲገፋ የቀኙ ግልጽ ሆኖ ይላላል፣ እኔም አየሁት። ቀለም ተወግቼ ኤምአርአይ ደገምኩ። ከሥሩ ተነቅሏል። የአልናዬ ርዝመት እኩል ነው፣ ስለዚህ ማሳጠር አያስፈልግም። እንዲህ ዓይነቱን በዓመት ስንት ትሠራለህ ስለው ሳይቆጣ ነገረኝ፣ ወደድኩት። ከባድ ሥራ ከስድስት ወር በፊት አታስብ አለኝ። ልሠራው ወስኛለሁ።

ብርሃን ነኝ፦
እግዚአብሔር ይቅደምልህ። ባለቤትህ ብቻዋን እንዳትሆን ዘመድ ካለ አስቀድመህ ጥራ፣ በአንድ እጅ ሕፃን ማጠብ አይቻልም።

ሹሩባ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቅርብ ከሆናችሁ ምግብ አመጣለሁ፣ በውስጥ ጻፍልኝ።

የኮልፌው ልጅ፦
ተሠርቼ ወራት አልፈውኛል፣ እንዴት እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ታክሲ ዲሲ የነገረኝ በሙሉ ደረሰብኝ፣ መዳፌ አልገለበጥም ማለቱ ጭምር። ስለሰማሁት ግን አልደነገጥኩም። ያ የመውጋት ሕመም የለም፣ ቀጭ ማለቱም ቆሟል። ፊዚዮቴራፒ ቤት በመጨበጫው መለኪያ ሲለኩኝ ከግራዬ 70 በመቶ ገደማ ነኝ። ወደ ሻንጣ አልተመለስኩም፣ ጽሕፈት ላይ አድርገውኛል። አዲስ ፊዚዮ፣ መዳፌ ላይ ክብደት ማሳረፍ መቼ ነው የሚቻለው?

አዲስ ፊዚዮ፦
ሐኪምህ መላላቱ ቆሟል ብሎ ካረጋገጠ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ቆመህ ተደገፍ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ፣ መሬት መጨረሻ ላይ። በየደረጃው ማግስቱን ካመመህ አንድ ወደ ኋላ ተመለስ። መሬት ላይ ስትደርስ መጀመሪያ በጭብጥህ ይሁን፣ አንጓው ቀጥ እንዳለ ይቆያል። የሚሰግዱ ታካሚዎቼን፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ በዚህ ነው የማስጀምራቸው። 70 በመቶ ለዚህ ጊዜ ጥሩ ነው፣ ገና ይጨምራል።

የኮልፌው ልጅ፦
አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ከእጄ ጀርባ በትንሿ ጣት በኩል የደነዘዘ ቦታ አለ። ሰሞኑን ደግሞ ጠባሳው አጠገብ ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ ትንሿ ጣት ድረስ ይነዝረኛል።

ነርሷ እህታችሁ፦
በዚያ ቀዳዳ አጠገብ የቆዳ ስሜት የሚወስድ ቀጭን ነርቭ ያልፋል። የአንጓ አርትሮስኮፒ ችግሮች ብዙ አይደሉም፣ ከ100 ሰው 5 ገደማ ላይ ነው የሚታዩት፣ የዚህ ነርቭ መቆጣት ግን ከታወቁት አንዱ ነው። መደንዘዙ ብቻ ቢሆን አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፣ ጠብቅ እልህ ነበር። ሲነካ የሚነዝር ከሆነና ሰሞኑን የጀመረ ከሆነ ግን ነርቩ ጠባሳ ውስጥ ተይዞ ወይ ክሩ እየነካው ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ነገ ጠዋት ደውል። «ሲነካ ይነዝረኛል» የሚለውን ቃል እንዳለ ንገራቸው፣ ቶሎ ያዩሃል።

የኮልፌው ልጅ፦
ደወልኩ። ሐሙስ ና ብለውኛል።

ሠራተኛዋ ዱባይ፦
ነርሷ እህቴ፣ ሁለተኛው ራጅ ላይ ስንጥቅ ታየ። ስካፎይድ ነው አሉ። ጀሶ አደረጉልኝ፣ ለእመቤቴም ወረቀት ጻፉላት። ኦፕራሲዮን አያስፈልግም፣ ቶሎ መጥተሻል አሉኝ።